የቲማቲም ሾርባ፣ ስድስት ሙከራ

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ጠዋት ጫማዬን ጠረግኩ። ጋዜጣ አነበብኩ፤ ሦስት የፊደል ስህተት አገኘሁ። በቀይ አሰመርኩባቸው። ለማን ብዬ? እንጃ።

ምሳ የቲማቲም ሾርባ፣ እንደ ሁልጊዜው እሑድ። ባለቤቴ ጭልፋውን እንደያዘች "ደብዳቤው መጣ" አለች። ሌላ ከተማ ሄዳ አዋላጆችን እንድታስተምር ነው የጠየቋት። ለሁለት ዓመት። በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት የሚወስድ አገር። "እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። አንተ ምን ትላለህ?"

እኔ ደግሞ በዚያው ቅጽበት አንድ ማንኪያ ቀምሼ ነበርና...

"ዛሬ ጨው በዝቷል" አልኩ።

በዝቶም ነበር። ውሸት አልተናገርኩም።

ሳህኔን አየች። ከዚያ ጭልፋውን እጄ ውስጥ አስቀመጠችና "እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ አንተ ሥራ" አለች። በቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን አውቅበታለሁ፤ መለካት ሞያዬ ነው። ተነሥታ ልብስ ስትተኩስ ዋለች። ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ምን ማለት ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ቀልድ አልነበረም። ትናንትም ዛሬም ምድጃው ቀዝቃዛ። እሷ ሆስፒታል በልታ ትመጣለች። እኔ እንቁላል በዳቦ። ዛሬ እንቁላሉም አረረ።

ሰላምታዋ ግን አልጎደለም። "ደህና አመሸህ?" ትላለች። ሸሚዜን ትተኩሳለች። ስለ ደብዳቤው አንዲት ቃል የለም። እኔም አላነሣሁም። የጀመረችው እሷ ናት፤ ትጨርሰው።

ወይ ስለ ጨዉ እየቀጣችኝ ነው፤ ወይ ፈተና ነው። ፈተና ከሆነ፣ ሾርባውን አሳምሬ ከሠራሁ አትሄድም ማለት ነው? ማን አለ እንደዚያ? ማንም አላለም። ግን ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

መሥሪያ ቤት። የአንድ መድኃኒት ቤት ሚዛን ፈተሽኩ፤ ሁለት ሚሊግራም ይስታል። መለስኩት። ባለቤቱ "ሁለት ሚሊግራም ምን አላት ጌታዬ?" አለኝ። ምን አላት! ከኋላዬ የክፍሉ ልጆች ሲሳሳቁ ሰማሁ። "ሚሊግራም" ነው የሚሉኝ፣ የማላውቅ ይመስላቸዋል። ስም ካወጡ አይቀር ልከኛ ስም ነው ያወጡት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ገበያ ወረድኩ። ቲማቲም ሻጯ ወፍራም ናት፣ ምላሷም እንደዚያው።

"እናት፣ ሁለት ኪሎ። እኩል እኩል የሆኑትን።"

"ጋሼ፣ ቲማቲም ነው ሚስማር የሚፈልጉት?"

"የበሰለ ይሁን፤ ግን ያልላላ። ቆዳው ያልተሰነጠቀ።"

"ሊበሉት ነው ወይስ ሊድሩት?"

ለሾርባ ነው አልኳት። ከሥር ለስላሳ፣ ቅርጸ ቢስ፣ ጥቁር ቀይ የሆኑትን ትለቅም ጀመር። "መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባል የለ? ይሄንን በድስት ይደግፉት" ብላ ሳቀች። ኪሴ ውስጥ ያለችውን የግሌን የመፈተኛ ክብደት አውጥቼ ሚዛኗ ላይ አኖርኩ። አርባ ግራም ይስታል! ነገርኳት። "አውቃለሁ፤ እኔን ነው የሚጎዳኝ" አለች። ለገዢው ነው የሚያደላው። ታዲያ ለምን አታስተካክይውም? "ደንበኛዬ ለምን ይመለሳል ታዲያ?"

ሚዛኗ እንደሚስት እያወቀች... መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። ምንም አልገባኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሙከራ አንድ።

ቲማቲሙን ግርጌው ላይ በመስቀል ቅርጽ ጫር ጫር አደረግኩት። የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ። ቆዳው እንደ ጓንት ወለቀ። እስከዚህ ድረስ ሥራ የሚባል ሥራ ነው። ቀይ ሽንኩርት 180 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት ሦስት ፍሬ፣ የገበታ ቅቤ 30 ግራም። ሠላሳ አምስት ደቂቃ አበሰልኩት። ከዚያ እንደፈላ ጁስ መፍጫው ውስጥ ገለበጥኩ፣ ክዳኑን ጥርቅም አደረግኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ።

የታመቀ እንፋሎት ምን እንደሚያደርግ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። ተፈትኜም አልፌያለሁ።

ክዳኑ ጣሪያ መታ። ሾርባውም ተከተለው፤ ክንዴ ላይም ፈሰሰ። ባለቤቴ ሮጣ መጣች። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች። አልሳቀችም። ክንዴን ይዛ ቧንቧ ሥር አደረገችው። "አሥር ደቂቃ። እንዳታወጣው።" ከዚያ ከመፍጫው የተረፈውን ቀድታ ቁጭ ብላ በላች።

"እንዴት ነው?" አልኩ ከቧንቧው ሥር ሆኜ።

"ይበላል።"

ይበላል! ጨው አነሰው? በዛ? ጎመዘዘ? ሰው በሰለጠነ ዘመን "ይበላል" ብቻ ብሎ እንዴት ዝም ይላል? እኔ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር አንድም ቀን እንዲህ ያለ ድፍን መልስ ሰጥቻት አላውቅም። ጉድለቱን ለይቼ ነው የምነግራት። ሁልጊዜ።

ሁልጊዜ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሙከራ ሁለት። የብረት ጣዕም አለው። ምክንያቱን አገኘሁት፤ ድስቱ አሉሚኒየም ነው፣ ቲማቲም አሲድ ነው። እሷ እሑድ እሑድ ከቁም ሣጥኑ በላይ ያንን ከባድ የማይዝግ ድስት ለማውረድ ለምን ወንበር ላይ እንደምትወጣ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት "ምን ያንኳኳል?" ብዬ ነው።

በላች። "ይበላል።"

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሙከራ ሦስት። ድስቱን ቀየርኩ። ክብደቱ ሁሉ በግራም ያው። ሰዓቱም ያው። ሾርባው ግን ሌላ! አፍ የሚያጨማድድ ጎምዛዛ።

የወጥ ቤቱን ሚዛን ቀድሞም ጠርጥሬው ነበር። ዓርብ ዕለት ከመሥሪያ ቤት የአምስት መቶ ግራሙን ክብደት በቦርሳዬ ይዤ መጥቼ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ ቤት ወረቀት መያዣ እንኳ ይዤ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ፈተሽኩት። ሚዛኑ ልክ ነው። ሾርባው ነው ልክ ያልሆነው። ከዚህ በኋላ ማንን ልክሰስ?

ከሰዓት ልጄ ደወለች። ካገባች ወዲህ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስለ ጎምዛዛው ነገርኳት።

"አባዬ፣ ካሮት ጨምርበት እንጂ። እማዬ ሁልጊዜ ትጨምራለች።"

"ካሮት? የእናትሽ ሾርባ ውስጥ ካሮት አለ?"

"ታዲያ ያ ጣፋጭነቱ ከየት የመጣ መሰለህ?"

ሃያ ስምንት ዓመት ካሮት በልቻለሁ! ጨዉን የማውቅ ሰውዬ!

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "አባዬ... እማዬ ነገረችህ?"

"ምኑን?"

"ተወው። ቀጭን ቀጭን አድርገህ ከሽንኩርቱ ጋር አቁላላው፣ እሺ?"

ምኑን ነው የምትነግረኝ? ደብዳቤውን ከሆነ አውቃለሁ። ሌላ ምን አለ? ወሩ ሊያልቅ ነው፤ መልስ ሰጥታ ይሆን? ልጠይቃት ተነሣሁ። ሳሎን ቁጭ ብላ መጽሐፍ ይዛለች። "ካሮት አለን?" ብዬ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሙከራ አራት።

"ይበላል" ስላሰለቸኝ ቅጽ አዘጋጀሁ። ቀለም፣ ውፍረት፣ ጎምዛዛነት፣ ጨው፤ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ። ከታች "አስተያየት" የሚል ክፍት ቦታ። ከሳህኗ ጎን እስክሪብቶ ጨምሬ አኖርኩላት።

ሳቀች። በዚህ ወር የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። "አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ?" አለችኝ። ግን መነፅሯን አድርጋ፣ የበሽተኛ ካርድ እንደምትሞላ ቁምነገር ብላ ሞላችው። ለሁሉም አራት። ለጨዉ አምስት። ደስታዬን ልደብቅ ብዬ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

አስተያየቱ ላይ እንዲህ ብላለች፦ "ሰሪው ሰዓቱን ይዞ ቆሞ ያየኛል። ቢቀመጥ።"

ሁለቴ አነበብኩት። እውነትም ቆሜያለሁ። እውነትም ሰዓቱ እጄ ላይ ነው። ለራሴ ሳህን እንኳ አላወጣሁም። ስንተኛ ሙከራዬ ነው እንዲህ የቆምኩት? ሁሉንም።

ቀድቼ ተቀመጥኩ። ካሮቱ ልክ ነው። እሷ ቀና ብላ ጣሪያው ላይ ያለውን ቀይ ነጠብጣብ አየችና "ያቺ ዳክዬ ትመስላለች" አለች። ዳክዬ አትመስልም፣ ሸክላ ማሰሮ ነው የምትመስለው። ተከራከርን። ሩብ ሰዓት ያህል በነጠብጣብ! ሁለት የተማሩ ሰዎች!

ደብዳቤውን ግን ማንም አላነሣም። ለምን ቀለል አለኝ ታዲያ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ሁለት ቀን ቀረ። ጢሜን ስላጭ መስታወቱ ፊት "አትሂጂ" አልኩ። ከዚያ "ሂጂ" ብዬ ሞከርኩ። ሁለቱም ትእዛዝ ይመስላሉ። ሦስተኛ ቃል አላውቅም። ጉንጬን ቆረጥኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ሙከራ አምስት። ቅጽ የለም። ተቀምጬ ነው የበላሁት። የሳህኗ ግማሽ ላይ ስትደርስ ጠየቅኩ።

"መልሱ ዛሬ ነው አይደል?"

"የቱ መልስ?"

"የደብዳቤው።"

ማንኪያዋን አኖረች። "እኔ እኮ ፈርሜያለሁ። ያኔ ሰኞ ጠዋት።"

ሰኞ። ጨው በዝቷል ባልኩ ማግስት! ይህን ሁሉ ሳምንት ስቆላ ስፈጭ፣ ነገሩ አልቋል!

ጮህኩ። መጮኼን አልክድም። "ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሾርባ እየተማርክ ነበር። ላቋርጥህ አልፈለግኩም።"

"እየቀጣሽኝ መስሎኝ!"

"ልቅጣህ? ሁለት ዓመት እንቁላል በዳቦ ልትበላ ነው ወይ ብዬ ነው እንጂ! ምግብ ማብሰል ሳታውቅ ጥዬህ ብሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል?"

ቁጣዬ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ወዴት ይሂድ? ጥላኝ ልትሄድ ነው፤ ደግሞ እየመገበችኝ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት ነው የሚያስቡት?

"በጨዉ ነው?" አልኳት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

"በጨው ብሄድ ኖሮ ይሄኔ ዓለምን ሁለት ጊዜ ዞሬያት ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

"ማስተማር ስለምፈልግ። ምን ትላለህ ብዬህ ነበር እኮ።"

"ከእኔ ነው የምትሄጂው ወይስ ወደ ሥራው?"

መዋሸት የማትችል ሴት ናት፣ ይህቺ ናት ችግሯ። "አላውቅም" አለች። "ሄጄ ልየው።"

ሾርባው ቀዘቀዘ። እኔ ነኝ ያሞቅኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሸኘኋት። ሻንጣዋን ሰውነቴ እስኪዝል ተሸክሜ አውቶቡሱ ጋ ደረስኩ። ረዳቱ "ቶሎ በሉ አባባ" ይለኛል፤ አባባ! ልሰድበው ስዞር እሷ መስኮቱን ከፈተች።

"በየሁለተኛው ቅዳሜ እረፍት ይሰጡኛል" አለች።

አውቶቡሱ ሄደ።

ግብዣ ነው ወይስ መረጃ? ናም አላለች፣ እመጣለሁም አላለች። በየሁለተኛው ቅዳሜ እረፍት ይሰጡኛል። አስራ ሁለት ጊዜ ብዬው ይሆናል ቤት እስክደርስ። በየትኛውም በኩል ብይዘው አይጨበጥም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ክብደቱን ሁሉ ለሁለት አካፍዬ ለአንድ ሰው ሠራሁ። ድስቱ ውስጥ ግርጌው ላይ ተኝቶ አየሁት። ልጄ ደወለች። "አባዬ፣ ልትሄድ ነው አይደል?" "አልተጠራሁም።" "አንተ ደግሞ! የጥሪ ወረቀት በማኅተም ትላክልህ?"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ይህንን እሷ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነሣሁ፣ ሁለት ኪሎ ቲማቲም እግሬ መሀል አድርጌ። ግማሹ ተጨፈለቀ። በር ሳንኳኳ የለችም። አከራይዋ ወጣች፤ ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት።

"እረፍቷ ነበር፤ ምጥ የጠናባት መጥታ ጠሯት። እርስዎ ማነዎት?"

"ባለቤቷ ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "አለ እንዴ?" አለች። ቁልፉን ግን ሰጠችኝ።

አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ። ሁለት ሳህን። ወንበር አንድ። ብዙ ቆሜ አየሁት ያንን ወንበር። አንድ ወንበር ምን ማለት ነው? ሌላ አላገኘችም ማለት ነው ወይስ አልፈለገችም? በአሥራ ሁለት ቀን ሰው ስንት ወንበር ይገዛል?

ሙከራ ስድስት። ምድጃው ወይ ይፋጃል ወይ ይጠፋል፣ መሀል የለውም። ሽንኩርቱ ጠርዙ ጠቆረ። መፍጫ የለም፤ በወንፊት በማንኪያ ጀርባ እየጫንኩ አጠለልኩት። ክንዴ ዛለ።

ምድጃውን አጥፍቼ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ አናጺ አለ። ወንበር መረጥኩ። አንዱ እግር ይረዝማል፤ አስቆረጥኩት። አሁን ሌላው ረዘመ፤ ደግሜ አስቆረጥኩት። "ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ በርጩማ ይሆናል" አለኝ። በሦስተኛው ቆመ። ተሸክሜው ስመጣ አከራይዋ በመስኮት ታየኛለች። ይኸው እቃ ማስገባት ጀመረ ሳትል አትቀርም። ወግ ነው የያዝኩት ወይስ ድፍረት? ባለቤቴ ያልጠየቀችውን ወንበር... መልሼ ልውሰደው ብዬ በሩ ድረስ ሁለቴ ሄጃለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ደክሟታል። "መንታ" አለች ገና ከበሩ፤ ከዚያ ነው እኔ መሆኔን ያስተዋለችው። ድስቱን አየች። ወንበሩን አየች።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ገዛሁት።"

"ለማን?"

"ለእኔ" አልኩ። "ምን ትያለሽ?"

ጋውኗን ቀስ ብላ አወለቀች። አጣጠፈችው። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አየችው፣ አዲስ ሕፃን የት እንደሚተኛ እንደምታስብ።

"እዚያ አይሆንም" አለች።

ወንበሩን ብድግ አደረግኩ። ላወጣው ነው።

"በሩን ይዘጋል" አለች። "መስኮቱ ጋ አድርገው።"

መስኮቱ ጋ አደረግኩት።