እዚያ ግንብ ሥር የቆየሁት ወድጄ ነው

አስካለዬ፤

አልዩ አምባ መውረጃው ላይ ከተለያየን አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። አንቺ ከሞትሽ ደግሞ ባለፈው ሐምሌ አምስት ዓመት ሞላሽ። አንድ ሰሞን አንኮበር ያለ ሰው ሁሉ “ምስኪን፣ ፈረንጅ አግቶት ሚስቱን ሳይቀብር ቀረ” ይለኝ ነበር። ወሬውን የነዛሁት እኔው ነኝ። እውነቱን እናትሽ ታውቃለች፣ ነፍስ አባቴም ያውቃል። ያልተነገረሽ አንቺ ብቻ ነሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ አንኮበር ቀዝቅዛለች። ግቢው ያለበት ኮረብታ ላይ ጥቂት ዘበኞች ናቸው የቀሩት፤ ገበያውም ሳስቷል። የቤታችን ክዳን በጓሮ በኩል ወርዶ ዘንድሮ በአዲስ ሣር አስከደንኩት። ጎረቤላ ያለውን የገብስ ማሳሽን ወንድምሽ ያርሰዋል። እኔ አሁንም ማርያም እቆማለሁ፣ ብራና እጽፋለሁ። ቀለሙን የሚበጠብጥልኝ ግን የለም። ፊደል ባትቆጥሪም የተጣመመ መስመር ካንቺ ዓይን አያመልጥም ነበር። በትከሻዬ በኩል አጎንብሰሽ “ይቺኛዋ ሰክራለች” ትዪኝና ትስቂ ነበር። አሁን መስመሬ ቢሰክርም የሚነግረኝ የለም።

ያ ፈረንጅ የቆዩ መጻሕፍት ሊያይ መጥቶ የእጄን ጽሕፈት የወደደ ጊዜ፣ አገሩ ሄጄ መጻሕፍቱን እንዳነብለትና እንድገለብጥለት ሲጠይቀኝ፣ አንቺ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሽ። “ሂድም አልልህ፣ ቅርም አልልህ” አልሽኝ። “ለመስቀል እመጣለሁ” አልኩሽ። አገሩ ምን ያህል እንደሚርቅ አላውቅም ነበር። ቢነግሩኝም የምቀር አይመስለኝም።

የአዳልን በረሃ ከነጋዴዎች ጋር አቋርጠን፣ ከዚያ በመርከብ ስንት ሳምንት ተጉዘን ደረስን። የፈረንጁ ቤት በእንግሊዝ አገር ባሕር ዳር ባለች መንደር ነው። ስሟን እስካሁን አጥርቼ መጥራት አልቻልኩም። ቤቱ ሁሉ ግራጫ ድንጋይ ነው። ሴቶቹ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቀኑን ሙሉ ዓሣ ይሰነጥቃሉ፤ ነፋሱ ራሱ ዓሣ ዓሣ ይላል። ከመንደሯ በላይ፣ ባሕሩ ላይ ባዘነበለ ዓለት ራስ፣ የድሮ ነገሥታታቸው የሠሩት ግንብ አለ። የኛ ንጉሥ ግቢ በእንጨት የታጠረ ነው፤ ያ ግን ከሥር እስከ ጫፍ ድንጋይ ነው። ጣራው ወድቆ አዳራሹ ውስጥ በግ ይግጥበታል። ሰው ግን ፍርስራሹን ለማየት ብቻ ከሩቅ አገር ይመጣል።

በጳጉሜን አንድ ቀን ፈረንጁ እንግዶቹን ግንቡን ሊያሳይ ሲወጣ እኔንም ወሰደኝ። ነጭ ጥምጥሜን እንዳስር ለምኖኝ ነበር። ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ በጠባብ ደረጃ አውርዶን ወለሉ ላይ ያለ ቀዳዳ አሳየን። ከሥሩ በር የሌለው ጉድጓድ ነው፤ ዱሮ እስረኛ በገመድ ይወርድበት ነበር አሉ። አንዲት ወይዘሮ አንድ ነገር ተናገረችና ሁሉም ሳቁ። ፈረንጁ ወደ እኔ ዞሮ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው “ትንሽ ብቻ ውረድ። ዳዊት ድገም፤ ድምፅህን ከታች መስማት ይፈልጋሉ” አለኝ። እንቢ ማለት እችል ነበር፤ የያዘኝ ሰው የለም። ደስ ላሰኛቸው ብዬ ገመዱን በብብቴ ሥር ያሰርኩት እኔው ነኝ።

ወርጄ ደገምኩላቸው። አጨበጨቡ። ከዚያ ነጎድጓድና ዝናብ መጣና ከላይ ሴቶቹ እየጮሁ ሲሮጡ ሰማሁ። ሽማግሌው ፈረንጁ ያወጣዋል ብሎ፣ ፈረንጁም ሽማግሌው ያወጣዋል ብሎ ትተውኝ ሄዱ። ከቀትር እስከ ሠርክ ጸሎት ሰዓት እዚያ ነበርኩ። ውሃው በድንጋዩ እየወረደ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽኩ። በኋላ የሰው ስም ሁሉ ጠፍቶኝ አንቺን ብቻ እጠራ ነበር። “አስካለ፣ ከዚህ ከወጣሁ ነገውኑ ጉዞ እጀምራለሁ፤ ጠብቂኝ” እያልኩ ማልኩልሽ።

ያን ጊዜ አርባሽ ወጥቶ ነበር። እኔ ጠብቂኝ ስልሽ ተዝካርሽ ተበልቶ፣ ዳሱ ፈርሶ፣ እንግዳው ወደየቤቱ ተመልሶ ነበር።

ፋኖስ ይዘው መጥተው አወጡኝ። ይቅርታ እየጠየቁ ይስቃሉ። እኔም ሳቅኩ፤ እየተንቀጠቀጥኩ አብሬያቸው ሳቅኩ። በማግስቱ በፈረንጁ ቤት ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበው ድጓ አዜምኩላቸው። ስጨርስ ሁሉም ከወንበራቸው ተነሡልኝ። ሽበታም ሊቃውንት፣ የልብሳቸው የናስ ቁልፍ የሚያብለጨልጭ መኮንኖች ለእኔ ለትንሹ ደብተራ ተነሡ። እዚህ ማኅሌት ስቆም ቦታ የሚለቅልኝ እንኳ አልነበረም። ጉድጓዱ ውስጥ የማልኩልሽን ያን ዕለት ረሳሁት።

በጥቅምት ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ቄሱን አስጽፈሽ በግንቦት የላክሽው። እግርሽ እንዳበጠ፣ ዳገት መውጣት እንዳቃተሽ፣ “ከወለድኩም በኋላ ቢሆን ና፤ ፊትህን ካላየሁ ልቤ አይረጋም” ብለሽ ነበር። ለፈረንጁ አነበብኩለት። ክፉ ሰው አልነበረም። “በኅዳር የሚሄድ መርከብ አለ፤ ከፈለግህ እኔ አሳፍርሃለሁ” አለኝ። ወልዳለች፣ አልፎላታል አልኩ በልቤ። ከዚያ መልስ ጻፍኩልሽ፦ ደኅና ነኝ፣ ክብር አግኝቻለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፣ እንደ ሕፃን አትነዝንዢኝ።

ፋሲካው አልፎ የነሱን ሌላ በጋ ቆየሁ።

ነፍስ አባቴ “ብትመጣም አትደርስላትም ነበር፤ ደብዳቤው ሲደርስህ ሞታለች” ብሎ ሊያጽናናኝ ይሞክራል። ልክ ነው፤ አልደርስልሽም ነበር። እኔ ግን እንቢ ያልኩት ሬሳን አልነበረም፤ ፊትህን ልይ ብላ የለመነችኝን፣ ሕያው ናት ብዬ የማምናትን አስካለን ነው።

በጥር ስመለስ ልጃችን እናትሽ ዘንድ ጎረቤላ ነበረች። ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ስሟን ምትኬ ብላታለች። ልውሰዳት ስል ሽማግሌ ተቀመጠ። እናትሽ መሬት መሬት እያየች “በማርያም ደጅ ይማልልኝ። አስረውት ከሆነ ልጂቱ የሱ ናት። ወድዶ ከቀረ ግን ደጄን አይርገጥ” አለች። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዤ “ወድጄ አልቀረሁም” ብዬ ማልኩ። እናትሽ ምትኬን ከነነጠላዋ አቀፈችና ሰጠችኝ።

ሦስት ወር ከእኔ ጋር ኖረች። መጀመሪያ ስታየኝ ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ጣቴን ይዛ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። በሚያዝያ ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን መግለጥ ሲያቅታት የሐሰት መሐላዬ በእሷ ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እንዳትሳሳቺ አስካለ፤ ቀጥሎ ያደረግሁት ከእውነተኛነት አልነበረም፣ ከፍርሃት ነው። በጀርባዬ አዝዬ ጎረቤላ ድረስ ሮጥኩ፤ እናትሽ እግር ላይ ወድቄ ሁሉንም ተናገርኩ።

ልጂቱን ከጀርባዬ ፈትታ ወሰደች፣ ግንባሯን በውሃ አራሰች፣ አስተኛቻት። ከዚያ ከሣጥኗ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። የገዛ እጄ ጽሕፈት ነበር፤ በጥቅምት የጻፍኩልሽ መልስ። አንድ ነጋዴ አንቺ ከሞትሽ ከስምንት ወር በኋላ አምጥቶላት ቄሱን አስነብባዋለች።

“ገና ሳትመጣ አውቄ ነበር” አለችኝ። “እንደምትምል ለማየት ነው ያማልኩህ። ልጄ የጠበቀችው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።”

ወረቀቱን ከጭኔ አነሣሁት።

“ሁለት ቀን አማጠች። ሁለቱንም ቀን ‘በሩን አትዝጉት፣ እየመጣ ነው’ ትል ነበር። ብርድ ገባን ብንላት እንቢ አለች። አሁን ውጣ፤ በሩንም ዝጋው።”

ወጣሁ፤ ዘጋሁትም። ምትኬ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ያንን ደጅ አልረገጥኩም።

የማያት ለንግሥ ሲመጡ ብቻ ነው፤ እናትሽን ተከትላ በሴቶች በኩል ስትገባ። አምስት ዓመቷ ነው። አካሄዷ ያንቺ ነው፤ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ባለፈው ቅዳሴ ሲወጣ ዋርካው ሥር ቆሜ ሳለሁ ራሷ መጣች። እናትሽ ከኋላዋ ነበረች።

“ሁልጊዜ የምታየኝ አንተ ማን ነህ?” አለችኝ።

“እናትሽን የማውቅ ሰው ነኝ” አልኳት።

“ቆንጆ ነበረች?”

“ቆንጆ ነበረች። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል።”

ትንሽ አሰበችና “አባቴንስ ታውቀዋለህ?” አለች።

እናትሽን አየሁ። እሷም አየችኝ፤ ልጂቱን ወደ ራሷ አልጎተተችም። ምን እንደምል ትጠብቅ ነበር። ምትኬ መልስ ስታጣ ሰለቻትና ሮጣ ወደ ሌሎቹ ልጆች ሄደች። እናትሽ ነጠላዋን አጣፍታ አለፈችኝ።

አስታውስሻለሁ ማለት ብቻውን ለእኔ ይቀልለኛል፤ አስታውሼሽ አልቅሼ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁና። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነው። አንቺን ሳስታውስ እኔንም እንደነበርኩት አስታውሳለሁ፤ አላሳምረውም። ምትኬ ያንን ጥያቄ ደግማ በጠየቀችኝ ቀን፣ የፈለገ ሰው ቆሞ ቢሰማ፣ “አዎ፣ አውቀዋለሁ” ብዬ ከመጀመሪያው እነግራታለሁ።