የሸማኔዎች አዳራሽ ወለል

ይድረስ ለተከበርከው ታላቅ ወንድሜ ለዴሪክ፤
ፐርዝ፣ አውስትራሊያ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለቤታችሁ ታላቅ ለአማትህ ለወይዘሮ ኢዲት የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ቀጥሎም ለአንተና ለባለቤትህ ለኖሊን። ለመሆኑ ጤንነትህ እንዴት ነው? የጉልበትህ ሕመም ጋብ አለልህ? የኖሊንስ የደም ግፊት? ወይዘሮ ኢዲት ዛሬም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቤቱን ሁሉ ፈልጉልኝ ይላሉ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሮይ ሐኪሙ የከለከለውን ቅቤ እየተደበቀ ከመብላቱ በቀር ክፉ ነገር አላገኘንም።

ባለፈው እሑድ ደውለህ "ጓደኛችን ፖሊን ‹እህትህ አዳራሹን ዘጋችብን› ብላ መልእክት ልካልኛለች፤ ምን ሆናችሁ ነው?" ብለህ ስትጠይቀኝ፣ በጥድፊያ መመለስ አልወደድኩም። ነገር ከሥሩ ካልተነገረ ፍርድ ያጣምማል። አሁን ግን ሁሉንም ስማኝና ፍረደኝ።

ፐንክ ሮክ የተባለው ያ የጩኸትና የዝላይ ሙዚቃ ከተማችን ሃርዝባንክ የገባበት አርባኛ ዓመት ቅዳሜ ዕለት በሸማኔዎች አዳራሽ ተከበረ። አዘጋጁ ሚስማር የምንለው ያ የድሮ ጓደኛችን ነው፤ ዛሬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ሆኗል፣ ትሬቨር ብላ የምትጠራውም ሚስቱ ብቻ ናት። እኔ የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ ነኝና ዝግጅቱን ክፈቺልን ተብዬ መድረኩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት መቶ ያህል ሰው መጥቷል። ያኔ ጃኬታቸውን በመርፌ ቁልፍ የጠለፉት ልጆች ዛሬ ከዘራ ይዘዋል። ጃኬቱ ያው ነው፤ ሆድ ላይ አልገጥም አለ እንጂ።

መጀመሪያ የትዝታ ሰዓት ነበር፤ የፈለገ እየተነሣ ይናገራል። ፖሊን ቀደመች። "ያ ወለል እኮ አብሮን ይዘል ነበር" አለች፤ "በግራው ምሰሶ በኩል ዝም ብለሽ ብትቆሚ እንኳ ራሱ ያነሣሽ ነበር።" ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ እኔና አንተ እዚያው አልነበር የምንቆመው? ቀጥሎ አንዱ ተነሣና "እዚያ ጋ ቢራህን መሬት ላይ ካስቀመጥክ ብርጭቆው ብቻውን ወደ መድረኩ ይሄድልሃል፤ ባንዱን በነጻ ያጠጣነው እኛ ነን" አለ። ሦስተኛው የድሮው የአዳራሹ ዘበኛ ልጅ ኮሊን ነው። "እናንተ ትስቃላችሁ፤ አባቴ ግን እንቅልፍ አልነበረውም። ወለሉ ሲረግብ ጊዜ የባቡር ሐዲድ ግንድ አምጥቶ በምድር ቤቱ በኩል ከሥሩ ደገፈው። ያ ግንድ ባይኖር ማናችሁም ለዚህ ሽበት አትበቁም ነበር" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

የእኔ እጅ ግን አልተነሣም። ምድር ቤቱ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣቶች መጫወቻ ተብሎ ሲታደስ ሪባኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር፤ ግንድ የሚባል አላየሁም። ሠራተኞቹ ጥቅሙን ሳያውቁ እንደ ትርፍ እንጨት አውጥተው ጥለውት መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ አዳራሹ የስብሰባና የሻይ ግብዣ ቤት ነው፤ በዚያ ወለል ላይ ሁለት መቶ ሰው አንድ ላይ ዘሎ አያውቅም።

ሮይን ጠርቼ ታች የሚጫወቱትን ልጆች ሳያስደነግጥ እንዲያስወጣቸው በጆሮው ነገርኩት። ሚስማርን ደግሞ ከመድረኩ ጀርባ ይዤ ሙዚቃው እንዲቀር ለመንኩት። "ጊል፣ ምክር ቤት ገብተሽ የተማርሽው መከልከል ብቻ ነው?" አለኝ። "ያኔ ብልግና ነው ብለው ከለከሉን፤ ዛሬ ደግሞ ወለል አገኛችሁ። ለመሆኑ ማነው እዚህ የሚዘለው? የግማሹ ዳሌ ብረት ነው።" እሱ ይህን ሲል ቡቱቶ የተባለው የኛው የድሮ ባንድ የመጀመሪያ ዘፈኑን ለቀቀው። ባለ ብረት ዳሌውም ሁሉ ዘለለ።

ወንድሜ፣ በየዝላዩ በግራው ምሰሶ ሥር ያለው ሳንቃ ወርዶ ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። ሮይ ከደረጃው አፍ ሆኖ ልጆቹ መውጣታቸውን ጭንቅላቱን ነቅንቆ ነገረኝና ትከሻውን አሳየኝ፤ ከምድር ቤቱ ጣራ የረገፈ ኖራ ሞልቶበታል። የድምፅ ማጉያውን ይዤ አትዝለሉ ልበል? ያን ዓመት የፖሊስ አዛዡ መድረክ ላይ ወጥቶ ማንም እንዳይነቃነቅ ብሎ ያዘዘን ዕለት፣ ለእልህ ያህል ያልዘለለ እንዳልነበረ አንተ ምስክር ነህ። አደጋ አለ ብዬ ልጩኽ? ሁሉም ወደ ዋናው በር ይሮጣል፤ በሩ ያለው ደግሞ በግራው ምሰሶ በኩል ነው።

በዚህ ጭንቅ ውስጥ ሳለሁ ጥግ ላይ ሸክላዎቹን ይዞ የተቀመጠውን ኔቪልን አየሁት። የኛ ዓይነት ሙዚቃ ገና በሸክላ ባልወጣበት በዚያ ጊዜ፣ አንዱ ባንድ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ኔቪል ከእናቱ ቤት ያመጣውን የጃማይካ ሬጌ ያጫውተን ነበር። ሬጌው ሲጀምር ማንም ሳያዘን ወለሉን ለቅቀን ወደ ግድግዳውና ወደ ባንኮኒው እንሄዳለን፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያችን እሱ ነበር። ቅዳሜም የባንዱ ድምፅ የሚያልፈው በኔቪል መሣሪያ በኩል ነው። ግድግዳውን ታክኬ ደረስኩና "ሬጌ ጫን" አልኩት። "ገና ሁለተኛ ዘፈናቸው ነው፤ ይገድሉኛል" አለ። "ወለሉ ሊሄድ ነው፣ ኔቪል" አልኩት። ፊቴን አየ። የባንዱን ድምፅ ቆርጦ ሸክላውን ጫነ።

ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሰዉ ግን እግሩ የለመደውን አደረገ። አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ ሌላዋ "ተመስገን፣ ልሞት ነበር" እያለች ወደ ዳር ወጡ። መሐል ወለሉ ባዶ ሆነ። መድረክ ላይ ወጥቼ እውነቱን የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው። ግድግዳውን ይዘው፣ ዕቃ በሚገባበት የጀርባ በር አንድ በአንድ እንዲወጡም ለመንኳቸው።

ወጡ፤ ምስጋና ግን አልነበረም። ፖሊን በአጠገቤ ስታልፍ "ያኔም ዘጉብን፣ ዛሬም ዘጋሽብን፤ ያኔ የዘጉት እንኳ የኛ ሰዎች አልነበሩም" አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ቃል ገና ከውስጤ አልወጣም።

ሰኞ መሐንዲሱ ሲመጣ ሚስማር በዓይኑ እንዲያይ አስጠራሁት። ሳንቃው ሲነሣ፣ ወለሉን የሚሸከመው ትልቁ አግዳሚ እንጨት በቁመቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሚስማር "አንድ ዘፈን ይችል ነበር?" ብሎ ጠየቀ። መሐንዲሱ "ይችል ይሆናል፣ ላይችልም ይችላል። እኔ ግን ልጄን አላቆምበትም" አለው። ሚስማር ጣቶቹን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ። ከዚያ "የኮሊንን አባት ነፍስ ይማር" ብቻ ብሎ ወጣ።

አዳራሹ አሁን ታሽጓል። ይጠገን ወይስ ይፍረስ የሚለውን ምክር ቤቱ በሚመጣው ወር ይወስናል፤ ይፍረስ ባዮቹ ይበዛሉ። እኔ ይጠገን ብዬ እከራከራለሁ። ትናንት ሚስማር ቢሮዬ መጥቶ "በስብሰባው ቀን ይጠገን ብለን በሩ ላይ ቆመን እንጮኽባችኋለን፤ አንቺንም አንምርም፣ ቅር እንዳይልሽ" አለኝ። እኔም "የኛ መስኮት ወፍራም ነው፤ ጠንክራችሁ ጩኹ" አልኩት። ሳቀ። ፖሊን ግን እስካሁን ሰላም አትለኝም። አንተን ትሰማሃለችና እባክህ ጻፍላት፤ ስለ እኔ ሳይሆን ስለተሰነጠቀው እንጨት።

ለልጅህ ለግራንትና ለሚስቱ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የልጅ ልጅህን ትንሹን ሩፐርትን ጉንጩን ሳምልኝ። ሴት ልጅህ ቴስ የነርስነት ፈተናዋን በድል እንድትወጣ ምኞቴ ነው። ይህን ረጅም ጽሑፍ በትዕግሥት ስላነበብክልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለቤታችሁ ጤና፣ ለያዛችሁት ሥራ ሁሉ መቃናት ይሁን።

አክባሪ እህትህ
ጊሊያን

ሃርዝባንክ፣ ላንካሻየር
ኦክቶበር 26 ቀን 2017