መሬት ሳያዩ የማይረግጡት እትዬ ቀስ በሉ

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን፣ እህታችንና የሥራ ባልደረባችን ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። በተወለዱበት ቤት ጓሮ አባታቸው በእጃቸው የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ ነበር። እትዬ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ አባታቸውን እስከ አንገታቸው ቀበራቸው። ጎረቤቱ ተረባርቦ በሕይወት አወጣቸው። አባትየው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እትዬ ግን ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ቤት ሲገቡ ወለሉን በተረከዛቸው ሳይመቱ አያልፉም ነበር። ምን ሆነሽ ነው ሲሏቸው "ባዶ እንዳይሆን ነው" ይሉ ነበር። ቤተሰቡ ይስቅባቸዋል። እሳቸው ግን የምር ይፈሩ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡና ጂኦፊዚክስ አጠኑ። ጓደኞቻቸው ነዳጅና ወርቅ ሲያልሙ እሳቸው ማወቅ የፈለጉት እግራቸው ሥር ምን እንዳለ ነበር። በ1981 ዓ.ም. በአንድ የጥንታዊ ቅርስ ጥናት መሥሪያ ቤት የመሬት ውስጥ ራዳር ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ። የልጅ ጋሪ የመሰለ ባለጎማ ማሽን ሜዳ ላይ መስመር ይዘው ይገፋሉ፤ ማሽኑ ወደ መሬት ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከተቀበረ ግንብ ወይም ከባዶ ክፍል ነጥሮ ሲመለስ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ይታያል። አካፋ ሳይነሳ የጥንቱን ሰው ቤት፣ መንገድና መቃብር ለይተው ያሳዩ ነበር። ማንም እግሩን ባነሳ ቁጥር "ቀስ በሉ!" ስለሚሉም ስማቸው እትዬ ቀስ በሉ ሆኖ ቀረ።

በ1984 ዓ.ም. የቁፋሮ ቡድኑን ኃላፊ አገቡ። በሠርጋቸው ቀን ሙሽሪት መድረኩን በተረከዛቸው ሲመቱ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሙሽራውም "እኔ ቀድሜ ዘልዬበታለሁ፣ ነይ ውጪ" አሏቸው። ዛሬ የእናቷን ሙያ የያዘችውን አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1993 ዓ.ም. የሆነውን ዘለን ብናልፍ እትዬ ይቆጡናል፤ አዲስ ባለሙያ በመጣ ቁጥር ራሳቸው ይናገሩት ነበርና። ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከሥሩ ባዶ የመቃብር ክፍል ያለበትን ሜዳ በራዳር አዩ። የክፍሉ ጣሪያ ጥልቅ ነው፣ ከላዩ መሥራት ይቻላል ብለው ፈቀዱ። ሠራተኞቹ ድንኳን ተክለው ቁፋሮ ጀመሩ። እትዬ ምሳቸውን ሊጎርሱ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እርጥብ አፈር ውስጥ የራዳሩ ሞገድ ይዘገያል፤ አፈሩ መርጠቡ ካልተነገረው ማሽኑ ቅርቡን ሩቅ ነው ይላል። እሳቸው ደግሞ ማሽኑን በደረቁ ወራት እንዳስተካከሉት ትተውታል። ጣሪያው ካሉት በጣም የቀረበ ነበር።

ሮጠው የማያውቁት ሴት "ውጡ! ውጡ!" እያሉ ሮጡ። "ዛሬ ደግሞ ቀስ በሉ ቀርቶ ፍጠኑ ሆነ እንዴ?" ብለው ሠራተኞቹ ሳቁ። ባለቤታቸው ግን የእትዬን ፊት አይተው ሁሉንም አስወጡ። ከዚያ ካሜራቸውን ሊያነሱ ዞር አሉ፤ መሬቱም ከዳቸው። እትዬ በደረታቸው ተኝተው አፈሩን በጥፍራቸው ዛቁ። ባለቤታቸው ተርፈው ወጡ፤ ግራ እግራቸው ግን እስከ መጨረሻው አነከሰ። አንድም ቀን በዚህ ወቅሰዋቸው አያውቁም። እትዬ ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ብረት ሳይቀብሩ ሥራ ጀምረው አያውቁም። በየጠዋቱ አንድ ዘንግ በተለካ ጥልቀት ይቀብራሉ፤ ማሽኑ የዘንጉን ጥልቀት በትክክል እስኪናገር ድረስ ማንም ንቅንቅ አይልም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው ደህና አደርክ በማለት ፋንታ "ብረቱ ዛሬ ምን አለ?" ይባባል ጀመር።

ባለቤታቸው በ2011 ዓ.ም. አርፈው እዚሁ መካነ መቃብር ተቀበሩ። እትዬ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ድንጋይ ከተነጠፈበት መንገድ ወርደው አያውቁም። ከጎናቸው ያለው ባዶ ቦታ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታምሞ ሆስፒታል ሲገቡም ልጃቸውን አስጠግተው "ሞቱንስ ለምጄዋለሁ፤ የሚያስፈራኝ መሬቱ ነው። እባክሽ ልጄ፣ ሳታዪው እንዳታስገቢኝ" አሏት። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ልጃቸው፣ የልጅ ልጃቸውና ታናሽ ወንድማቸው አሉላቸው።

በዚያው ሌሊት ዝናብ ሲጥል አደረ። ልጃቸው ትናንት የእናቷን ማሽን ይዛ መጣች። መቃብር ቆፋሪው አካፋውን ተደግፎ ጠበቃት። ዘንጉን ቀበረች፤ ማሽኑ ከቀበረችው በላይ ጥልቅ ነው አላት። ማሽኑን አስተካከለችው፤ ደግማ ለካች፤ አሁንም አላመነችውም፤ ዘንጉን ነቅላ በሜትር ለክታ መልሳ ቀበረችው። እውነቱን ሲናገር ነው ጋሪውን መግፋት የጀመረችው። በአንድ በኩል አባቷ ያረፉበት ታየ። በሌላው በኩል ምንም ባዶ የለም፤ ሙሉ አፈር ነው። እናንተ የምትቆሙበትን ሣርም እስከ ድንጋዩ መንገድ ድረስ አየችው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍታ መሬቱን በተረከዟ መታች፤ "እማዬ፣ ይችልሻል" ብላም አለቀሰች።

መሬት ያላመኑትን እናታችንን ፈጣሪ ሥጋቸውን ለታየ መሬት፣ ነፍሳቸውን ፍርሃት ለሌለበት ዕረፍት ያብቃልን። እናንተም አሁን የቆማችሁበት ታይቷል፤ ሳትፈሩ ቅረቡና ተሰናበቷቸው። ብቻ ቀስ በሉ።