ስለ ቤቴ ክፈፍ መብራትና ስለ ሐምራዊ ቀለም

እኔ ቬርና ዶምቤክ፣ የሟቹ የአልቪን ዶምቤክ ሚስት፣ በዊስኮንሲን ግዛት የሴዳር ቤንድ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡ ሰዎች ፊት የመጨረሻ ፈቃዴን እናገራለሁ። ከዚህ ቀደም የጻፍሁት፣ የተናገርሁት ወይም በካርታ ጨዋታ ስሸነፍ በንዴት የዛትሁት ሁሉ ተሽሯል።

ቃሌን የምትጽፈው ጠበቃዬ ብሪታ ሃልቨርሰን ናት። ልጄ ራስል ከፊኒክስ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ለምስክርነት የተጠሩት የካርታ ጓደኛዬ ጆይስ ካምፕና ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊቴ የሚኖረው ሃርላን ፕሩስ ናቸው። ብሪታ ፍሬ ነገሩን ብቻ ልጻፍ ብላኝ ነበር። እኔ ግን በኋላ «እማዬ እንዲህ አላለችም» የሚል እንዳይነሣ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚባለው ሁሉ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

«የኔም ማጉረምረም?» አለ ራስል።

«ያንተ በተለይ።»

አንደኛ። ሥጋዬ ከአልቪን ጎን ይረፍ። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ዳቦ በአሳማ ካምና የድንች ሰላጣ ይቅረብ። ኬኩን የፓስተሩ ሚስት እንዳትጋግረው፤ ሐዘንተኛ ሰው ውኃ እየጠጣ መዋጥ የለበትም።

ሁለተኛ። መሰላሉን በሚመለከት። አልቪን በየዓመቱ ብርዱ ሳይጠና የገናውን መብራት የጣሪያው ክፈፍ ላይ በመንጠቆ ይሰቅል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ያወርድ ነበር። በመጨረሻው ዓመት መሰላሉ ከሥሩ ተንሸራተተበት። ዳሌው ተሰበረ፤ ያን ብርድም አልተሻገረም። መሰላሉ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ሥሩን የሚይዝለት ሰው ሳይኖር መውጣቱ ነው። ስለዚህ መሰላሉ ለከተማችን በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ይሰጥ፤ ማንም ብቻውን እንዳይወጣበት።

ሦስተኛ። የአልቪን መሰርሰሪያና መሣሪያዎቹ በሙሉ ለልጄ ለራስል ይሁኑ። ወደየት ሲዞር ብሎን እንደሚያጠብቅ ጆይስ ታሳየው።

«እማዬ፣ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል እኮ!»

«ለዚህ ነው አሁን የምሰጥህ።»

አራተኛ። የካርታ ጠረጴዛዬን ለጆይስ ብዬ ስጀምር ብሪታ እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ወይዘሮ ቬርና፣ አይሆንም። የኑዛዜ ምስክር ከኑዛዜው ምንም መውሰድ የለበትም። ወይ ትመስክር፣ ወይ ትውሰድ።»

«ውይ! ታዲያ ለኔ ምንም የለኝም?» አለች ጆይስ።

«ምንም የለሽም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ብራንዲ ግን ዛሬውኑ ጠጪው፤ እሱ ስጦታ እንጂ ኑዛዜ አይደለም።»

«ደግ ሕግ ነው» አለ ሃርላን፣ እጆቹን አጣጥፎ።

ሕጉን የወደደበት ምክንያት አለው። ሃርላን ከሰው እጅ መቀበል አይሆንለትም። ሚስቱ ማርሊስ ያረፈች ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ምግብ ይዞለት ገባ፤ እሱም ሰሃኑን ሁሉ አጥቦ፣ አንዱንም ባዶውን ሳይመልስ ለየባለቤቱ አደረሰ። የኔ ሰሃን ራሱ ባጠመደው ዓሣ ተሞልቶ ነው የመጣልኝ። ተናድጄ በላሁት።

አምስተኛ። ይህ ቤት፣ ከነግቢውና ከነጋራዡ፣ ከዚህ ቀጥሎ በሚነገረው ግዴታ ለራስል ይተላለፍ። እንደሚሸጠው አውቃለሁ፤ ፊኒክስ ሆኖ የዊስኮንሲንን በረዶ ማን ይጠርግለታል? አልቀየመውም።

ስድስተኛ። የክፈፉን መብራት በሚመለከት። አልቪን ከሞተ በኋላ ዳግመኛ በየዓመቱ የሚሰቀልና የሚወርድ መብራት በዚህ ቤት እንዳይኖር ወሰንሁ። ሰው በገዛ እጁ እንዲገጥመው ተብሎ የሚሸጠውን፣ አንዴ ከተሰቀለ የማይወርደውን፣ ቀለሙ በስልክ የሚለወጠውን የኤልኢዲ መብራት ገዛሁ። ራስል ደውሎ «ባለሙያ እልክልሻለሁ» አለኝ፤ እኔም በአባትህ ቤት ላይ ባለሙያ ቀዳዳ አይበሳም አልሁት። የአሉሚኒየሙን መያዣ ከክፈፉ ሥር በብሎን አሰርሁ፤ አምፖሎቹን በየቦታቸው ወተፍሁ፤ ሽቦውን በጋራዡ ግድግዳ በኩል አስገብቼ ቀዳዳውን አይጥ እንዳይገባበት በሲሊኮን ደፈንሁ።

በእያንዳንዱ ገመድ ላይ ትንሽ ቀስት ተሥላለች። ቀስቷ ኃይሉ ከሚመጣበት ከጋራዡ ወደ ውጭ ማመልከት አለባት። እኔ እኩሌታውን ከመኝታ ቤቱ በኩል ጀምሬ ስለሰቀልሁ ገልብጬ ገጠምሁት። መሰላል ላይ ያለ ሰው አፍንጫው ሥር ካለው ጣውላ በቀር የሚያየው የለም። ከማዶ ድምፅ ሰማሁ።

«ቬርና! ግማሽ ቤትሽ አልበራም!»

«ግማሹ በርቷል በለኛ!»

ሃርላን መንገዱን ተሻግሮ መጣና የመሰላሉን ሥር ያዘ። ሥራው እስኪያልቅም አልለቀቀም። አመሻሽ ላይ ወደ ግቢው ተመልሶ፣ የቱ እንደጠመመ፣ የቱ እንደዘመመ ከዚያ ሆኖ እየጮኸ ነገረኝ። መብራቱን እኔ ሰቀልሁት፤ ያቀናው ግን ማዶ የቆመው ሰው ነው።

ማርሊስ ስትታመም አልጋዋን ወደ ፊተኛው መስኮት አዛወሩላት። በየምሽቱ ትደውልልኛለች። «ቬርና፣ ዛሬ ቤትሽን ምን ልታለብሺው ነው?» የምትለውን በስልኬ መርጬ አለብሰው ነበር። አጋዘን አደን ሲከፈት እንደ አዳኞቹ ልብስ ብርቱካናማ፤ እሑድ የዊስኮንሲን ኳስ ቡድናችን ሲጫወት እንደ ማሊያው አረንጓዴና ቢጫ፤ ሲሸነፍ ጨለማ። በልደቷ ቀን ሮዝ። ስቅለት ዓርብ ሳትጠይቀኝ አጠፋው ነበር። በሰዓቱ ራሱ እንዲበራ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን በእጄ ካላበራሁት ያበራሁት አይመስለኝም።

ስለዚህ መብራቱ የሚታዘዝበትን ስልኬን ከነመሙያው፣ ምድር ቤት በጫማ ካርቶን ያሉትን መለዋወጫ አምፖሎችም ጭምር፣ ለሃርላን ፕሩስ ተናዝዣለሁ። እሱ ማዶ በቤቱ እስካለ ድረስ የዚህ ቤት ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ መብራቱን አይነቅልም፤ ቀለሙንም የሚመርጠው ሃርላን ነው።

ብሪታ መጻፏን አቆመች። «ወይዘሮ ቬርና፣ አቶ ሃርላን እኮ ምስክር ናቸው። ይህን ካሰቡ ለምን በምስክርነት ጠሯቸው?»

«ለመቀበል ብጠራው ኖሮ ይመጣ ነበር?»

ሃርላን ጆሮው ቀላ። «እኔ የተጠራሁት ለመፈረም ነው፤ እፈርማለሁ። ስልኩን ለሌላ ሰው ስጪው።»

«ይኸው!» አለ ራስል። «ጋሽ ሃርላንም አልፈለጉትም። በቃ፣ ተዪው።»

ነገሩን እዚህ ላይ ልተወው እችል ነበር። አልተውሁትም፤ የሚከተለውም በኑዛዜዬ ውስጥ ይጻፍ። ማርሊስ ካረፈች ወዲህ ሃርላን ደውሎልኝ አያውቅም። ሆኖም መብራቴ ሲበራ የማርሊስ መጋረጃ ይከፈታል፤ ሳጠፋው ይዘጋል። ባለፈው ፌብሩዋሪ ሆስፒታል ስተኛ ቤቴ ጨለማ ሆኖ ከረመ። ያ መጋረጃም ሳይከፈት መክረሙን ጆይስ ነግራኛለች። ብርሃን ሆኖ ሲውል እንኳ አልተከፈተም። ሃርላን ከቤት አልወጣም፤ ከተማው ዓርብ ማታ በሚሰበሰብበት የዓሣ ጥብስ ላይም አልታየም። እኔ ስሞትስ? ሐሳቤ ይኼ ብቻ ነው፤ ሌላው ዕቃ ነው።

«እውነቴን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጆይስ የብራንዲ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሃርላን እስክሪብቶውን ወደ ብሪታ ገፋው።

«ሌላ ምስክር ፈልጉ» አለ።

ራስል ብድግ አለ። «ቆይ እንጂ! መብራቱን የማዶ ሰው የሚያዝበትን ቤት ማን ይገዛኛል?»

«የሚገዛ ካልተገኘ አትሽጠዋ።»

«እማዬ፣ ጋሽ ሃርላን እኮ መቶ ዓመት ነው የሚኖሩት!»

«እሞክራለሁ» አለ ሃርላን።

ብሪታ ስንፈራረም ሃርላን ባይኖር ይሻላል አለች። ስልኩን እጁ ላይ አኖርሁለት። ሰሃን እንዳልሆነና አጥቦ እንዳይመልሰው ነገርሁት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ሰባተኛ። ሃርላንና ማርሊስ የተወለዱት ከወንዙ ማዶ በሚኔሶታ ነውና ቡድናቸው የኛ ቡድን ባላንጣ የሆነው ሐምራዊ ለባሹ ነው። በዚህ ቤት ላይ ሐምራዊ ቀለም ፈጽሞ እንዳይበራ አዝዣለሁ። ይህ በሃርላን ሥልጣን ላይ ያለው ብቸኛ ገደብ ነው። ማርሊስም ይህን ስለምታውቅ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ስለ ምስክሩ ስንመክር ኮሪ ዜሊንስኪ የማሞቂያ ጋዝ ሊሞላ መኪናውን አቆመ። ራስል ወጥቶ ጠራው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ኮሪ ከበሩ።

«ምንም። ጫማህን አውልቅና ተቀመጥ፤ ኑዛዜ ላይ ነን።»

ብሪታ ኮሪ ራሱ እንዲሰማ የተጻፈውን ከመጀመሪያው አንሥታ አነበበችለት። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ መሸ። ከወጥ ቤቴ መስኮት መብራቱ አይታየኝም፤ የማየው ግቢው በረዶ ላይ የሚወድቀውን ቀለሙን ነው። በረዶው ሐምራዊ ሆነ።

በራስል ስልክ ደወልሁለት። «ሃርላን! ምንድነው ያደረግኸው?»

«ከዚህ ሲታይ ያምራል።»

«አጥፋው!»

«ነይና እይው።»

ራስል ካፖርቴን አልብሶ ክንዴን ይዞ መንገዱን አሻገረኝ። ቤቴን ከመንገዱ ዳር ቆሜ አይቼው አውቃለሁ፤ ከማርሊስ መስኮት ተቀምጬ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሃርላን ወንበሯን ሳበልኝ። ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ነበር፤ ጋራዡ፣ በሩ፣ የመኝታ ቤቴ መስኮት ጭምር። አንዲት የጠመመች አምፖል አለች፤ ማርሊስ ያን ሁሉ ወር ስታያት ኖራ አልነገረችኝም። ማልቀሴን እዚህ ላይ እመሰክራለሁ።

«አምፖሏም መብራቱም ይቆዩ» አለ ራስል ከኋላዬ። «ቤቱን ለማንም ብሸጠው ይቆያሉ። ልፈርም?»

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ የሚከተለውን አስጨመርሁ።

ስምንተኛ። ሰባተኛው ተሰርዟል። የጠመመችውን አምፖል ማንም አያቅናት። ማርሊስን እወዳት ነበር፤ ሃርላንንም እወደዋለሁ። ፊት ለፊት ነግሬው ስለማላውቅ ጽሑፉ ሲነበብለት ይስማው።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ የኔ መሆኑን አረጋግጬ በእጄ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ቬርና ዶምቤክ

የስድስተኛውን አንቀጽ ግዴታ የተቀበለ ወራሽ፦ ራስል ዶምቤክ

ተናዛዧ አእምሮዋ ሙሉ ሆኖ በፊታችን ስትፈርም አይተናል፤ ከዚህ ኑዛዜ የምናገኘው ነገር የለም።

ምስክር፦ ጆይስ ካምፕ (ብራንዲው ከኑዛዜው በፊት የተሰጠኝ ነው)

ምስክር፦ ኮሪ ዜሊንስኪ። ሰባተኛው ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ሲሰረዝም አይቻለሁ። ስፈርም መብራቱ አሁንም ሐምራዊ ነው፤ ማዶ ያለውም መጋረጃ ክፍት ነው።