የሐሙስ ቀጠሮ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ ሳሏ ለቀቃት? የባልሽስ ወገብ ተሻለው? እኛ ተመስገን ነው። እኔም ካንቺ ናፍቆትና ከግራ ጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። የጉልበቴን ነገር ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ስደውል ጋሼሽ አጠገቤ ነው። ስስቅም፣ ሳስነጥስም አጠገቤ ነው። አሁን እንኳ የምጽፍልሽ እሱ ግቢ ውስጥ መኪናዋን እያጠበ ስለሆነ ነው። የማትንቀሳቀስ መኪና በየቀኑ ምን እንደሚያቆሽሻት እሱ ይወቅ። ፊደሌ ዛሬ እንዲህ ገዝፎ ስታዪው ደግሞ አሮጊቷ ጨረሰች ብለሽ አትሳቂብኝ።

ይኸውልሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ያን ጊዜ መጥተሽ ስትሰነብቺ፣ ባልና ሚስት ሲቆዩ ኑሯቸው ጉዳይ ብቻ ይሆናል፤ እናንተ ግን ጉዳዩን ራሱን ጨዋታ አድርጉት፣ ገበያም ሂዱ መብራትም ክፈሉ እንደ እጮኛ ተቀጣጥራችሁ ውጡ ብለሽ መከርሽን። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ፤ እኔ ከነምክርሽ ቀረሁ።

ጋሼሽን ታውቂው የለ? ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ፣ ዓይኑ ደከመና መሪውን አስረከበ። ጋዜጣ እንኳ አሁን የሚያነበው ትልልቁን ርዕስ ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ይውል የነበረ ሰው፣ በአንድ ምክር ነፍስ ዘራ! መብራት ልንከፍል ስንሄድ ሸሚዝ ተኩሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ይወጣል። ወረፋው ላይ ከኋላዬ ይቆምና፣ እመቤቴ ባለትዳር ነዎት ወይ ይለኛል። አዎ፣ ባሌም ቀናተኛ ነው እለዋለሁ። ሥራው ምንድን ነው ሲለኝ ሹፌር ነው እላለሁ። ኧረ ሹፌር አይታመንም፣ እኔን ያግቡ ሲል ሰልፈኛው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሱቅ ስንገባ የሚመርጠው ቲማቲም ግማሹ የፈረጠ ነው። ጨው አምጣ ስለው የልብስ ሳሙና ያመጣና፣ ምሳውን አጥበን እንብላ ብዬ ነው ይላል።

ለምን እዋሻለሁ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ላውንደሪ ስሄድም ተከተለኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው፣ እህት ዓለም።

ላውንደሪ የምሄደው ለልብስ ብቻ አልነበረም። ጎኑ የመኪና ማሠልጠኛ አለ። አምስት ወር ሙሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ልብሱን አስረክቤ እዚያ እገባ ነበር። አዎ፣ እህትሽ መኪና ትነዳለች! ጉልበቴን የጨረሰው ፍሪሲዮን መርገጥ ነው። ጢማሙ አስተማሪ በመጀመሪያው ቀን፣ እትዬ፣ ፍሬኑን ይርገጡት እንጂ አይለማመጡት ብሎኝ ነበር። አሁን ግን መንገድ የሚያይ ዓይን አለዎት ይለኛል።

ለጋሼሽ አልነገርኩትም። በተጋባን ዓመት ሊያስተምረኝ ሞክሮ የጎረቤት ዶሮ ቤት እንዳፈረስኩ ታውቂያለሽ። ሚስቴ መሪ ስትይዝ ዶሮዎች ይናዘዛሉ እያለ ስንት ሰርግ አስቆበታል። እሱንስ ችዬው ኖሬያለሁ። አሁን ግን መሪው ከእጁ ከወጣ ገና ዓመቱ ነው። እኔ እጅ ላይ ሲያየው ምን ይሆናል? እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ጨዋታሽ ደረሰብኝ። ይኸው አምስት ሳምንት አልገባሁም። ተያይዘን በማሠልጠኛው በር ስናልፍ አስተማሪው እጁን ሊያነሣልኝ ይልና፣ ዓይኔን ሲያይ ሰማይ ሰማይ ያያል።

አንድ ሐሙስ ጥርሴን አመመኝ ብዬ ልሾልክ አልኩ። የሐኪም ቤት ቀጠሮም ቀጠሮ ነው ብሎ ኮቱን ለበሰ። ምን ላድርግ፣ ደህና ጥርሴን ይዤ ወንበሩ ላይ ተጋደምኩ። ሐኪሙ እያንኳኳ የቱ ነው ሲለኝ አንዱን በጣቴ ጠቆምኩት። ለጥቂት ነው ያልተነቀልኩት! ስወጣ ጋሼሽ፣ ጎበዟ እጮኛዬ ብሎ አይስክሬም ገዛልኝ። ታማሚ ነኝና ጉንጬን ይዤ በላሁት።

ብቻዬን ልሂድ ማለት አቅቶሽ ነው ወይ ትዪኛለሽ። ልለው ቆርጬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከጫማ ሰፊው ስንመለስ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታና፣ ክንዱን ለቅቄ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጋሼሽ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተተክሏል። መኪኖቹ ቆመውለታል፣ እሱ አላያቸውም። እጁ አየር ላይ ይፈልገኛል። ምነው፣ እጮኛዬን ጠለፏት እንዴ ይላል እየሳቀ። ክንዴን ስሰጠው ሰንበር እስኪያወጣ ጨመቀኝ።

ያኔ ገባኝ። ባል የሚስቱን ክንድ ይዞ ቢሻገር ማን ምን ይላል? እንዴት ይዋደዳሉ ነው የሚባለው። ጨዋታውን እምቢ ካልኩት ሰውዬውን ከግድግዳው ጋር መልሼ ቆለፍኩበት ማለት ነው። እሺ ካልኩት ደግሞ የተቆለፍኩት እኔ ነኝ። የመንጃ ፈቃዱ ፈተና የፊታችን ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከቀረሁ ምዝገባዬ ይሰረዛል፤ እንደገና ከሀ ልጀምር ነው፣ በዚህ ጉልበት!

ለሱ ብዬ ነው የተማርኩት ብልሽ ባማረብኝ። አዎ፣ ሁልጊዜ የሚያወራልኝን ያንን የሐይቅ ዳር መታጠፊያ፣ አውቶቡሱን አቁሞ ፊቱን የሚታጠብበትን፣ እሱን አጠገቤ አስቀምጬ ልወስደው አስባለሁ። ግን መሪውን ስይዝ ማንም ሚስቴ፣ ማንም እጮኛዬ አይለኝም። መንገዱና እኔ ብቻ ነን። ይህንንም እፈልገዋለሁ። ጋሼሽንም እፈልገዋለሁ። ሁለቱን መፈለግ ኃጢአት ነው እንዴ? ፊት ለፊት ልነግረው ስነሣ ደግሞ ያስቀኛል፤ ከሳቅሁ በኋላ ወኔዬን አላገኘውም።

ምክር ላኪልኝ አልልሽም። ይህ ደብዳቤ አንቺ ዘንድ ሲደርስ ሐሙስ አልፏል።

የውሃው ድምፅ ቆመ። መምጣቱ ነው። ፖስታ ቤት መሄድም ቀጠሮ ስለሆነ ሸሚዝ ይቀይራል። ፖስታውን አላሸግሁትም፤ ማሸጉና ቴምብር መለጠፉ ድሮም የሱ ሥራ ነው። መነጽሩን ከፖስታው አጠገብ አድርጌለታለሁ። እኔ ጓዳ ገብቼ ጫማዬን ልሰር። ማሰሪያው ዛሬ ጊዜ የሚወስድ ይመስለኛል።

ልጆችሽን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። ቤትሽ አይጉደል፤ የወጣሽበት መንገድ ቀና፣ የምትመለሺበትም ቀና ይሁንልሽ።

ታላቅ እህትሽ

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው ያልኩት።