ባሌን ዶሮ ከመልቀቅ ላገዱት ለክቡር ካፒታናችን

ለመንደራችን አለቃ፣ ለዶሮ መፋለሚያው ሜዳ ባለቤት፣ በማያውቁት ሕክምና ሁሉ ሳይጠየቁ ለሚመክሩን ለክቡር ካፒታን ሩፊኖ ላባስታ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በተለይም ከወገብ በታች በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እጸልያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጆቼ ትምህርት ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢንገዳገድ ይቅርታዎ አይለየኝ። በጸሎት ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትም ላሳፍርዎ ብዬ አይደለም። እርስዎ የባሌን ጉዳይ በድምጽ ማጉያ ስለተናገሩ፣ እኔም በሹክሹክታ ብመልስ ክብርዎን ዝቅ ያደረግሁ መስሎኝ ነው።

ባሌ ኖርቤርቶ የፕሮስቴት ካንሰር እንደያዘው ያውቃሉ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በሽታው በታወቀ ሰሞን ስላጽናኑት አመሰግናለሁ። ዶክተር ቪያሉስ፣ ካንሰሩ የሚመገበው ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድነት ሆርሞን ነው ብላ ስትነግረን፣ ባሌ አንገቱን ደፍቶ ነበር የወጣው። እርስዎ ግን የኮኮናት ጠጅ እየቀዱለት፣ "አይዞህ ኖርቤርቶ፣ ይሄ በሽታ እኮ የሚይዘው ወንድነት የተረፈውን ነው" አሉት። ከዚያ በኋላ ደረቱን ነፍቶ መንደሩን ዞረ፤ እኩዮቹም በቅናት አዩት። ካንሰር እንደ ሜዳልያ ሲሰጥ ያየሁት በእኛ መንደር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የሰጡትን ወንድነት መልሰው ስለነጠቁት አመሰግናለሁ። ሆስፒታሉ ሆርሞኑን የሚያደርቅ መርፌ ጀመረለት። መርፌውም ሥራውን ሠራ፤ እጢው ሟሸሸ፣ የአጥንቱም ሕመም ቀለለለት። እርግጥ ነው፣ ሙቀት ሽው ሲልበት ሸሚዙን በአደባባይ ያወልቃል፤ በቴሌቪዥን ድራማም ያለቅሳል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ሳለቅስ የኖርኩ ሴት፣ አሁን አጋር በማግኘቴ አልተከፋሁም። እርስዎ ግን ባለፈው እሁድ ዶሮውን ለፍልሚያ ሊለቅ አቅፎ ወደ ሜዳው ሲገባ ድምጽ ማጉያውን አንስተው፣ "ኖርቤርቶ ወንድሜ፣ ዶሮውን ለሌላ ሰው ስጠው፤ የሙክት እጅ የነካው ዶሮ አይዋጋም" አሉ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ዶሮ የሚለቅ እጅ የሙሉ ወንድ እጅ መሆን አለበት ብለው አባቶቻችን ሲናገሩ እኔም ሰምቻለሁ። ዶሮው ግን የማንንም ደም ሲያስመረምር አላየሁም። እንዲያውም ያ የእርስዎን ነጭ ዶሮ መሬት ያስያዘው ቀይ ዶሮ፣ ባሌ መርፌውን ከጀመረ በኋላ የለቀቀው ነበር። ይህን የማነሳው እግዱ ከዚያ ሽንፈት ጋር ይያያዛል ብዬ አይደለም፤ እርስዎ እንደዚያ ያለ ሰው አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ስለ ደምዎ። ተመርምረው ሆርሞንዎ ዝቅ ያለ መሆኑን ለአንድ ወዳጅዎ ብቻ በምስጢር ስለነገሩ፣ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያም "ምግቡ በሌለበት ካንሰር ምን ሊበላ ይመጣል?" ብለው የፕሮስቴት ምርመራውን ተዉት፤ ምርመራ የሚሸሹት ወንዶቻችንም ቃልዎን እንደ ወንጌል ያዙ። ስምዎን ሳልጠራ ዶክተሯን ጠየቅኋት። እንጨት የከመረ ቤት ሁሉ አይቃጠልም፣ ጥቂት እንጨት ያለበትም ከእሳት አያመልጥም አለችኝ። እሳቱ ከተነሳ በኋላ ግን እንጨቱን ከቤት ማውጣት የግድ ነው፤ የባሌ መርፌ ይህን ነው የሚሠራው። በደም ውስጥ ያለው የሆርሞን መጠን ማን እንደሚታመም አይናገርም። እንግዲህ ያ ዝቅተኛ ቁጥርዎ ከበሽታ አይጋርድዎትም፤ ጥቅሙ ለወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ አዝናለሁ።

አራተኛ፣ ኖርቤርቶ ከዚያ እሁድ ወዲህ መርፌውን አልወጋም ብሏል። ቀጠሮው የፊታችን ሰኞ ነው። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ ሩዙን አሳርሬ አቀረብሁለት። "ኢሉሚናዳ፣ ሙክት ሆኜ ከምኖር ሰው ሆኜ ልሙት" አለኝ። ለዚህኛው ምስጋና ብፈልግም አላገኘሁለትም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሰኞ ከመምጣቱ በፊት ባለው እሁድ፣ ያንኑ ድምጽ ማጉያ ያንሱና "ኖርቤርቶ፣ ና ዶሮህን ልቀቅ" ይበሉት። ይቅርታ አይጠይቁ፤ አልለመዱትምና ያምዎታል። እሱ የእኔንም የዶክተሯንም ቃል አይሰማም፤ የእርስዎን ግን ይሰማል። በአንድ ቃል የሰበሩትን ሰው በአንድ ቃል ማቃናት መቻል ትልቅ ጸጋ ነው፤ እኔ ቢኖረኝ ኖሮ ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

ጥላዎ በላያችን እንዲሰፋ፣ ምክርዎ ግን ጥቂት እንዲጠብ የምትመኝ፣ በምርጫ ሁሉ ድምጿን ለእርስዎ ሰጥታ ሁልጊዜ የምትገረም፣

ታዛዥዎ ኢሉሚናዳ ካባሎ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ፌሊሲዳድ እንዳጫወተችኝ፣ ከሙዝ ተክሉ ሥር ለሽንት ቆመው ሳይጨርሱ ሩዝ ይበስላል አሉ። ሰኞ ጠዋት ሰው ጭኖ ወደ ሆስፒታል በሚሄደው ጂፕኒ ላይ፣ እርስዎም እንዲመረመሩ ከባሌ አጠገብ ቦታ ይዤልዎታለሁ። እርስዎ ከመጡ እሱም ይመጣል። ካልመጣችሁ ግን ከሁለት ባዶ ወንበር ጋር ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ዶክተሯም የት ቀሩ ብላ ብትጠይቀኝ፣ ወንድ ሆነው ቀሩ እላታለሁ።