ቤት ተቀምጦ በአካል ቀርቦ ስለሚወሰደው ድርጎ

ለክቡር የወረርሽኝ ጊዜ ድርጎ አዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አቃቂ

ክቡር ሆይ፣

ጉሮሮዎን አይከርክርዎት፣ ራስዎን አይመምዎት፣ ጉንፋንም ደጅዎን አይርገጠው እያልሁ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ድኛለሁ። ስሜ አሰጋሽ ይባላል፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የምኖር፣ በፈትል ፋብሪካ በቀን ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ።

አንደኛ የማመሰግንዎ ስለ ንግግርዎ ነው። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ከአዲስ አበባ በባቡር መጥተው፣ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «የሚያስለው ሠራተኛ ከቤቱ አይውጣ፤ መንግሥት ድርጎውን ይሰጠዋል» ሲሉ ሰምቼ እንባዬ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ሲጥለኝ ቃልዎን አክብሬ በሬን ዘጋሁ። አብራኝ የምትኖረው የሥራ ባልደረባዬ ፀሐይቱም ማሳል ስለ ጀመረች አብራኝ ተዘጋች።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ጥንቃቄዎ ነው። ላም አርቢው ጎረቤታችን አቶ ኩምሳ ድርጎአችንን ሊቀበሉልን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ቢሄዱ፣ ጸሐፊዎ «በሽተኛው ራሱ በአካል ይቅረብ፤ መታመሙን በምን እናውቃለን?» ብሎ መለሳቸው። እውነቱን ነው፤ ሰው ለአንድ ቁና ስንዴ ሲል ትኩሳት ያዘኝ ብሎ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ አጥር አጥሩን እየተደገፍሁ ሄጄ ተሰለፍሁ። ከፊቴም ከኋላዬም ያለው ሁሉ ያስላል። ቤት እንድንቀመጥ የታዘዝን ሰዎች እንደዚያን ቀን ተሰብስበን አናውቅም።

ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበና «አሞሻል?» አለኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ» አልሁ፤ ሳሉም መሰከረልኝ።

«ታዲያ ለምን ከቤትሽ ወጣሽ? ድርጎ የሚሰጠው ከቤቱ ላልወጣ ነው!» ብሎ ስሜን ሰረዘው።

ለካ ከቤቱ ያልወጣ መታመሙ አይታወቅም፤ የወጣ ደግሞ ድርጎ አይገባውም። ይህን የመሰለ ደንብ ያፈለቀውን ጭንቅላት ጉንፋን እንዳይነካው ዘወትር እጸልያለሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ባዶ እጄን መመለሴን ያየችው ፀሐይቱ በማግስቱ ትኩሳቱ ሳይለቃት ወደ ፋብሪካው ልትሄድ ነጠላዋን አነሣች። «አትሂጂ» ብላት፣ «አሰጉዬ፣ ሁለታችንም ተኝተን ማን ያነሣናል?» ብላኝ ወጣች። ሰው ጎድሎበት የነበረው አለቃችንም ስትስል እየሰማ ማሽኗ ላይ አቆማት። ጥቂት ቀን እንደ ሠራች ማሽኑ ሥር ወደቀች። እስክትወድቅ ድረስ አጠገቧ የሚፈትሉት ሴቶች ተራ በተራ ማሳል ጀምረው ነበርና ክፍሉ ባዶውን ቀረ፤ ማሽኖቹም ቆሙ። ለሁለት ሴቶች ስንዴ የሰሰተው ጽሕፈት ቤትዎ በሽታውን ለክፍሉ ሁሉ በልግስና አደለ።

ፀሐይቱን ያተረፏት አቶ ኩምሳና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዳሲቱ ናቸው። ወተትና አጥሚት ደጃችን ላይ አስቀምጠው፣ በሩን አንኳኩተው፣ ራቅ ብለው «ልጆቼ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጡ!» ይሉን ነበር። እርሷ ግን ዛሬም ውኃ ቀድታ ስትመለስ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ፋብሪካውም በቦታዋ ሌላ ሰው አስገብቷል።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ድርጎውን እስከ በሽተኛው ደጃፍ የሚያደርስ ሰው እንዲሾሙልን እለምናለሁ። ሥራው ከባድ መስሎ ከታየዎ አቶ ኩምሳ ላሞቻቸውን ካለቡ በኋላ መጥተው ሊያስተምሩ ፈቃደኛ ናቸው።

ከከፍተኛ አክብሮትና ገና ካልለቀቀኝ ጥቂት ሳል ጋር፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ
አሰጋሽ
አቃቂ በሰቃ፣ ኅዳር ፲፱፻፶ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስሁ ጸሐፊዎ ታሞ ብቻውን መተኛቱን ሰማን። ወይዘሮ ዳሲቱ ወተት ወስደውለታል። ድርጎ ጠይቆ እንደሆነ ቢጠይቁት ግን አለመጠየቁን ነግሯቸዋል፤ ደንቡን ያውቀዋልና።